ወደ ነቀምቴ የሄደው ኮምፒውተር

የዚያን ቅዳሜ ጠዋት ኤልያብ ስልኩን በፊቱ ደፍቶ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠው ለምን ነበር? ይህን ጥያቄ ከዚያ ወዲህ ለራሱ ስንት ጊዜ እንዳቀረበ እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው። መኪና እየነዳ ጠይቋል። በሚሠራበት ዌርሃውስ፣ በዕቃ መጋዘኑ፣ ካርቶን ስካን እያደረገ ጠይቋል። ቤተ ክርስቲያን ዓይኑን ጨፍኖ የሚጸልይ መስሎም ጠይቋል። አንዳንዴ መልስ ይመጣለታል፤ ግን አያምነውም፤ የሚመጡለት መልሶች ሁሉ ትንሽ ትንሽ ወደ እሱ ያደላሉ።

የሆነውን ግን አሳምሮ ያውቃል። ቴክሳስ፣ ሌዊስቪል፣ ከጓደኛው ከሌሊሳ ጋር በሚኖሩበት አፓርትመንት፣ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ስምንት ካርቶኖች ተደርድረው ነበር። አንዳቸውም አልተከፈቱም። በውስጣቸው ገና ያልተገጣጠመ አንድ ኮምፒውተር አለ። ሌሊሳ ለቁርስ ወተት ሊገዛ ወጥቷል። ኤልያብ ካቻቢቴውን ከመሳቢያ አውጥቶ የትኛውን ካርቶን አስቀድሞ እንደሚከፍት ሲያማርጥ ስልኩ ነዘረ። መልእክቱ የመጣው ከሰፈራቸው ኤሌክትሮኒክስ መደብር ነው። ወረፋዎ ደርሷል፤ የተመዘገቡበት ፕሌይስቴሽን ፋይቭ ነገ እሑድ ማታ እስክንዘጋ ድረስ በስምዎ ተቀምጧል፣ ይላል።

ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ስልኩን ደፋው።

ሌሊሳ ወተቱን ይዞ ሲገባ ስልኩ ያንኑ መልእክት ለማስታወስ እንደገና ነዘረ። ሌሊሳ ምንም ሳይጠረጥር፣ ሰው ዝም ብሎ እንደሚጠይቀው፣ «ማን ነው?» አለ።

«ማስታወቂያ ነው» አለ ኤልያብ።

ነገሩ የተጀመረው ከሦስት ወር በፊት ነበር። የሌሊሳ ታናሽ ወንድም ገመቹ ነቀምቴ ውስጥ መናኸሪያው አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራየ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ ሳያገኝ ሦስት ዓመት ተቀምጧል፤ በመጨረሻ ፕሌይስቴሽን ቤት ልክፈት ብሎ ቆረጠ። ግድግዳውን አረንጓዴ ቀባ፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር አሠራ፣ ትልቅ ቴሌቪዥን ሰቀለ። የቀረው ማሽኑ ነው። በከተማው ያሉት ቤቶች ሁሉ ኳስ የሚያጫውቱት በአሮጌዎቹ ማሽኖች ስለሆነ፣ አዲሱን ቀድሞ ያስገባ ሰው ልጁን ሁሉ ጠራርጎ እንደሚወስድ ገመቹ በድምፅ መልእክት ለወንድሙ ደጋግሞ አስረድቷል። የክፍሏ ኪራይ የስድስት ወር ነው። በስድስት ወር ውስጥ ሥራው ካልተጀመረ ክፍሏም ትሄዳለች፤ እሱም ወደ አባቱ ቤት፣ ወደዚያው ወደ ሶፋው ይመለሳል።

ሌሊሳ ማሽኑን ሊልክለት ቃል ገባ። ግን ጊዜው ፕሌይስቴሽን ፋይቭ ከገበያ የጠፋበት ጊዜ ነበር። ሌሊሳ ኡበር ስለሚነዳ ሰው ባወረደ ቁጥር በአቅራቢያው ያለ መደብር ይገባል፤ ዳላስን፣ ፎርት ወርዝን፣ በመካከል ያሉትን ከተሞች በሙሉ አዳረሰ። አንድ ቀን ፎርት ወርዝ ውስጥ ከመደብር በር ላይ የሚታጠፍ ወንበር ዘርግቶ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የተቀመጠ ሰውዬ አየ። ከትናንት ጀምሮ እዚያ እንዳለ ነገረው። ሌሊሳ ቤት ገብቶ ጫማውን እያወለቀ፣ «ማለቴ፣ አውሮፕላን መግዛት ይቀላል» አለ።

የሰፈራቸው መደብር የወረፋ መዝገብ እንዳለው የሰማው ያን ሰሞን ነው። ሄደው ሲመዘገቡ ሻጯ ስልክ ቁጥር ጠየቀች። ሌሊሳ ኤልያብን በክርኑ ጎሸም አደረገው። «ያንተን ስጣት። እኔ በእንግሊዝኛ የመጣ ቴክስት ሁሉ ስካም ይመስለኛል።» ሁለቱ እንዲህ ነበር የሚኖሩት። የኢንሹራንሱ ፎርም፣ የኢሚግሬሽኑ ደብዳቤ፣ የመኪናው ወረቀት፣ የሌሊሳ ነገር ሁሉ በኤልያብ እጅ ያልፋል። ኤልያብ የተማረ ነው።

የተማረው ቻይና ነው፤ ሃርቢን፣ በክረምት በረዶ በሆነው ወንዝ ላይ መኪና በሚነዳበት ከተማ። አምስት ዓመት ኮምፒውተር ምሕንድስና አጥንቶ አዲስ አበባ ተመለሰ፤ ሁለት ዓመት በአንድ የግል ኮሌጅ አስተማረ፤ ዲቪ ደረሰውና ቴክሳስ መጣ። ሌዊስቪል ዌርሃውስ ውስጥ ሌሎች ሰዎች የገዙትን ዕቃ ስካን ማድረግ ከጀመረ አራት ዓመት አልፎታል። ሃርቢን ሳለ ዶርም ውስጥ ኮምፒውተር የሚገጣጥመው እሱ ነበር። የሱዳኑም፣ የሞንጎሊያውም፣ የታንዛኒያውም ተማሪ አሮጌ ኮምፒውተሩን ተሸክሞ ይመጣል፤ ኤልያብ ከምድር ቤት ገበያ ዕቃ እየለቀመ ይሠራለታል፤ መብራቱ ቦግ ሲል ሁሉም ያጨበጭባሉ። እዚህ ግን ያን ማንም አይጠይቀውም። አለቃው የሚጠይቀው በሰዓት ስንት ካርቶን እንዳሳለፈ ነው።

እናም አንድ እሑድ ከሰዓት ምሳ ላይ፣ «ለምን ኮምፒውተር አንሠራለትም?» አለ።

ጠረጴዛው ላይ ሦስት ነበሩ። ሦስተኛዋ የሌሊሳ አክስት ልጅ ጊፍቲ ናት። በአራት ዓመቷ መጥታ እዚሁ ያደገች፣ ዴንተን ዩኒቨርሲቲ የምትማር፣ እሑድ እሑድ ሽሮ ፍለጋ የምትመጣ ልጅ ናት። ኤልያብ ማብራራት ጀመረ። ፕሌይስቴሽን ከጨዋታ በቀር ምንም አይሠራም፤ ኮምፒውተር ግን ጠዋት ጽሑፍ ይጽፋል፣ ያትማል፣ ፎርም ይሞላል፣ ከሰዓት ኳስ ያጫውታል። ሲበላሽ የተበላሸችው ዕቃ ብቻ ትቀየራለች። ደግሞ አይጠፋም፤ ወረፋም የለውም። እየተናገረ ድምፁ እየሞቀ፣ እጁ በአየር ላይ ዕቃ እየገጣጠመ ሄደ። ሌሊሳ አፉን ከፍቶ ይሰማዋል።

ጊፍቲ ጉርሻዋን ዋጠችና፣ «ሶ፣ ገመቹ ፕሌይስቴሽን ነው ያለው» አለች። «ኮምፒውተር የፈለገ አንተ ነህ።»

«አንቺ ሽሮሽን ብዪ።»

«እየበላሁ ነው። ጆሮዬ ግን ኦፍ አይደለም።»

ሦስቱም ሳቁ፤ ኤልያብ ከሁሉም ይበልጥ ሳቀ። ሌሊሳ ግን ወንድሙን ሳይጠይቅ ምንም አላደርግም ብሎ እዚያው ደወለና ስልኩን ስፒከር ላይ አደረገው። ሰላምታው እንደተለመደው ረዘመ። ኤልያብ ሐሳቡን እንደገና ከመጀመሪያው አስረዳ። ገመቹ ሳያቋርጥ ሰማው፤ ሲጨርስም፣ «ኳሱን ያጫውታል?» ብሎ ብቻ ጠየቀ።

«ከፕሌይስቴሽኑ አስበልጦ!»

ከነቀምቴ በኩል ዝምታ ሆነ። የመናኸሪያው ረዳቶች ጩኸት በስልኩ ይሰማል። ከዚያ ገመቹ ቀስ ብሎ፣ «እናንተ ታውቃላችሁ» አለ።

ይህን ቃል ኤልያብ ያውቀዋል። እሱ ራሱ አዲስ አበባ ሳለ ካናዳ ያለች አክስቱ ጫማ ልትልክለት ደውላ፣ አርባ አንድ ቁጥር በጣም የሚያምር አግኝታለሁ ብትለው፣ ያንኑ ቃል ብሏታል። እግሩ አርባ ሦስት ነው። ጫማው ሲደርስ፣ ልክክ አለ፣ እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ለጎረቤት ሰጠው። ከውጭ የሚላክለት ሰው አይመርጥም፤ መረጥኩ ቢል ምስጋና ቢስ ይባላል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሌሊሳም ይህን ሳይረዳ አይቀርም ነበር፤ ግን ሌሊሳ የሚያምነው ሰው አጠገቡ ተቀምጧል። ኤልያብ ደግሞ ዝምታውን ሰማ፣ ትርጉሙንም ተረዳ፣ እንደ እሺታ ግን ተቀበለው።

ስለዚህ ያን ቅዳሜ፣ መልእክቱ ሲመጣ፣ ነገሩ ገና አላበቃም ነበር። ካርቶኖቹ አልተከፈቱም። ያልተከፈተ ዕቃ እስከ አሥራ አምስት ቀን ይመለሳል። ሁሉንም መኪናው ላይ ጭኖ መልሶ፣ በመንገዱ ፕሌይስቴሽኑን ይዞ መምጣት የአንድ ሰዓት ሥራ ነበር። ኤልያብ ይህን ሁሉ በአንድ ቅጽበት አሰበው። ከዚያ ካቻቢቴውን አነሣና የመጀመሪያውን ካርቶን ፕላስቲክ ቀደደ። ሁለተኛውን ቀደደ። ሌሊሳ ወተቱን አስቀምጦ እስኪመለስ ድረስ የማዘርቦርዱ ማሸጊያ ወለሉ ላይ ነበር።

ያ ቀን፣ ማፈሩ እንዳለ ሆኖ፣ ቴክሳስ ከመጣ ወዲህ ካሳለፋቸው ቀናት ሁሉ ደስ የሚለው ነበር። ይህንንም ለራሱ ይቅር ማለት አልቻለም። ሌሊሳ ብሎን እያቀበለ፣ ሽቦ እየያዘ፣ እንደ ተማሪ ይጠይቃል፤ ኤልያብ ይመልሳል። እጁ አልረሳም። የኮምፒውተሩን አንጎል፣ ፕሮሰሰሩን፣ በቦታው ሲያስቀምጥ ትንፋሹን ያዘ፤ ማቀዝቀዣውን ከላይ አሰረ፤ ግራፊክስ ካርዱ ቀጭ ብሎ ሲገባ ሁለቱም እርስ በርስ ተያዩ። መጀመሪያ ሲያበሩት ማራገቢያው ዞሮ ቆመ። ሌሊሳ ደነገጠ። ኤልያብ ግን አንዲት የላላች ሽቦ አግኝቶ ጫን አደረጋት፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ጽሑፍ መጣ። ሌሊሳ ትከሻውን ይዞ ነቀነቀው። «ኢንጂነር» አለው። ቀልድ አልነበረበትም።

በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያን የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ ሌሊሳ ተነሣ። እንዲህ ያለ ነገር አድርጎ አያውቅም፤ ሰው ፊት ሲናገር ምላሱ የሚተሳሰር ሰው ነው። ማይኩን ተቀበለ። ጌታ ይመስገን ብሎ ጀመረ፤ ወንድሙ ሥራ አጥቶ እንደቆየ፣ የሚፈልገው ዕቃ ከዳላስ እስከ ፎርት ወርዝ ተፈልጎ እንደጠፋ ተናገረ። በመጨረሻ ወደ ኤልያብ ዞሮ፣ «እኔ ዕቃ ስለምነው፣ እግዚአብሔር ሰው ሰጠኝ» አለ። ጉባኤው አሜን አለ። ከፊት የተቀመጡ እናቶች ፈገግ ብለው አዩት። ኤልያብ አንገቱን ደፋ፤ ሰው ትሕትና መሰለው።

መደብሩ ገና አልተዘጋም። በዚያች ሰዓት ፕሌይስቴሽኑ ከዚያ ቤተ ክርስቲያን በመኪና ሃያ ደቂቃ በሚርቅ መደርደሪያ ላይ፣ በእሱ ስም፣ ተቀምጦ ነበር። ዕቃዎቹ ቢከፈቱም ግድ የለም፤ ሁለቱንም መላክ ይቻል ነበር፤ ኮምፒውተሩን ለራሱ ማስቀረትም ይቻል ነበር። ነገር ግን አሁን ለመናገር፣ ትናንት ለምን አልተናገርክም የሚለውን መመለስ ያስፈልጋል። ከምስክርነቱ በኋላ ደግሞ የመናገሩ ዋጋ ጨመረ። ወደ ቤት ሲመለሱ ሌሊሳ እየነዳ የመደብሩ ምልክት በስተቀኝ ታየ። ኤልያብ በስተግራ ያለውን የመኪና ማጠቢያ ሲመለከት አለፈ። ማታ፣ መደብሩ ሲዘጋ፣ ሁለተኛ መልእክት መጣ፤ ዕቃው ለቀጣዩ ተመዝጋቢ ተላልፏል ይላል። አጠፋው። ያን ጊዜ የተሰማው ጸጸት አልነበረም። ቀለል አለው።

ኮምፒውተሩን እንደገና ፈታቱት። ወደ አገር የሚሄዱት እትዬ ዓለምጌጥ ነበሩ፤ ዳላስ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ የሚሠሩ፣ በየዓመቱ የሰው አደራ ተሸክመው ራሳቸውን የሚያጎድሉ ሴት። ቦሌ ጉምሩክ ላይ አዲስ ዕቃ እንዳይመስል ካርቶኑን ሁሉ ጣሉት፤ እያንዳንዱን ዕቃ በቲሸርትና በፎጣ ጠቀለሉት። የኮምፒውተሩ ቤት፣ የብረት ሳጥኑ፣ ከባድ ስለሆነ ቀረ፤ ገመቹ ነቀምቴ ከአንድ አሮጌ የቢሮ ኮምፒውተር ላይ ይፈልጋል ተባለ። እትዬ ዓለምጌጥ ሻንጣቸውን በእጅ ሚዛን አንጠልጥለው ተመለከቱ። ከተፈቀደው ሦስት ኪሎ አልፏል።

«ይሄ እንግዲህ ምንድነው ልጄ?» ሲሉ በፎጣ የተጠቀለለውን ነካ ነካ አደረጉ።

«የኮምፒውተር ዕቃ ነው እትዬ፤ ለገመቹ ሥራ መጀመሪያ።»

«ለሥራ ነው? እንግዲያስ ይግባ።» ለእህታቸው ልጆች የገዟቸውን ሁለት ጥንድ ስኒከር አውጥተው አልጋው ላይ አስቀመጡ። ኤልያብ፣ አይ እትዬ፣ ይሄ አይሆንም አለ። «ዝም በል፤ ልጆቹ እግር እስካላቸው ድረስ ሌላ ጊዜ ይወስዳሉ» አሉት።

ገመቹ ከነቀምቴ አዲስ አበባ በአውቶቡስ መጥቶ ዕቃውን ተቀበለ። ከዚያ በኋላ የነበሩት ሁለት ቅዳሜዎች በቪዲዮ አለፉ። ኤልያብ ሌዊስቪል ሆኖ ያዛል፤ በስክሪኑ ላይ የገመቹ ሁለት እጆች፣ አረንጓዴው ግድግዳ፣ መስኮቱ ላይ የተደረደሩ የልጆች ፊቶች ይታያሉ። ገመቹ ፈጣን ነበር፤ ሁለት ጊዜ መናገር አያስፈልገውም። ኮምፒውተሩ ሲበራ ልጆቹ ጮኹ። ሌሊሳ ዘሎ ስልኩን ሊሰብረው ነበር። ጨዋታው በነቀምቴ ኔትወርክ ስለሚከብድ ኤልያብ እዚሁ ጭኖት ነው የላከው፤ ያ ደግሞ የብልህነቱ ሌላ ማስረጃ መስሎት ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጡት ዜናዎች ሁሉ መልካም ነበሩ። ኤልያብ፣ ሥራው እንዴት ነው ብሎ ሲጽፍ የገመቹ መልስ በደቂቃ ውስጥ ይመጣል። ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ወንድሜ። አንድም ቀን ይህ ጎደለ አላለም። ኤልያብ መልሱን ባነበበ ቁጥር የአክስቱ ጫማ ትዝ ይለዋል። ግን ሁለተኛ ጥያቄ አይጠይቅም፤ የሚመጣውን ስለሚፈራ።

እውነቱን የሰማው ከአራት ወር በኋላ ነው፤ የነገረውም ሌሊሳ ነው። ቀን ነበር፤ የልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ካልሲ እያጣመሩ ነበር። ሌሊሳ ዓይኑን ከካልሲው ሳያነሣ ተናገረ። ገመቹ ክፍሏን ከለቀቀ ወር ሆኖታል። ጨዋታው በየጥቂት ቀኑ በኢንተርኔት ለሠራው ኩባንያ እየደወለ ልከፈት ወይ ብሎ ይጠይቃል። ነቀምቴ ደግሞ ኔትወርክ አንድ ቀን ከመጣ ሦስት ቀን ይጠፋል። ልጆቹ ይሰለፋሉ፣ ማሽኑ እምቢ ይላል፣ ልጆቹ ይሄዳሉ። መጀመሪያ ነገ ኑ ይላቸው ነበር። ከዚያ እነሱም መምጣት ተዉ። በሦስተኛው ወር መናኸሪያውን ተሻግሮ አንድ ሰው ሁለት ፕሌይስቴሽን ፋይቭ ይዞ ከፈተ፤ ከዱባይ አስመጥቶ ነው አሉ። ሲዲውን ጨምረህ ተጫወት፤ ኔትወርክ የለ፣ ምን የለ። ኮምፒውተሩን አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ገዝቶ ወሰደው። ገመቹ አባቱ ቤት ተመልሷል፤ ጠዋት ጠዋት ወፍጮ ቤት እህል ያወርዳል።

ኤልያብ ጨዋታው እንደሚደውል ያውቅ ነበር። ሲጭነው ስክሪኑ ላይ ጽሑፉ ወጥቶ ነበር፤ አንብቦታል። ገመቹ በስልኩ ኢንተርኔት ያገናኘዋል ብሎ አለፈው። አገሩ ኔትወርክ እንዴት እንደሚጠፋ አጥቶት አይደለም፤ ሁለት ዓመት ያስተማረው በዚያ ኔትወርክ ነው። ሌዊስቪል ተቀምጦ ሲያስበው ግን ትንሽ ነገር መሰለው።

«ለምን አልነገረኝም?» አለ።

«ምን ብሎ ይንገርህ? ያን ያህል ደክመህለት።» ሌሊሳ ካልሲዎቹን ቅርጫት ውስጥ ጨመረ። ከዚያ የኤልያብን ፊት አየና የሚያጽናናው መስሎት፣ «ያንተ ጥፋት አይደለም እኮ» አለው። «ያኔ ፕሌይስቴሽን ጠፍቶ ነው። ቢገኝ ኖሮ እንገዛለት ነበር።»

መናገር የነበረበት ያን ጊዜ ነው። በሩ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶለት ነበር፤ ከአፉ የሚፈለገው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። ማድረቂያው ይሽከረከራል። ሌሊሳ ይጠብቃል ለማለት አይቻልም፤ የሚጠብቀው ነገር እንዳለ አያውቅም። ኤልያብ በእጁ የነበረችውን ካልሲ ቅርጫቱ ውስጥ ጨመረ። «አዎ፣ ጠፍቶ ነው» አለ።

ይህች ቃል ከቅዳሜዋ ትብሳለች። ቅዳሜ ማስታወቂያ ነው ብሎ አመለጠ፤ አሁን ግን ፊት ለፊት ዋሸ፤ ያውም ሊያጽናናው የመጣውን ሰው።

ከዚያ በኋላ ሁለቱም ቤት ውስጥ እንደ ድሮው መኖር አልሆነላቸውም፤ ምክንያቱን የሚያውቀው ግን አንዱ ብቻ ነው። ኤልያብ አብሮ መብላት ቀነሰ። ሌሊሳ ፎርም ሲያመጣለት በችኮላ ይሞላና ይሰጠዋል። ኢንጂነር ሲለው ይቆጣል። ሌሊሳ ሰውየው ሥራ በዝቶበት ነው እያለ ለሰው ያስረዳለት ነበር። በክረምቱ መጨረሻ የጊፍቲ ወላጆች ዴንተን ቤት ክፍል ስለተለቀቀ ሌሊሳ ወደዚያ ተዛወረ። ጊፍቲ ዕቃ ልታግዝ መጣች። ፍራሹን ደረጃው ላይ ሲያወርዱ ዞራ፣ «ሶ ኢንጂነር፣ አሁን የማንን ፎርም ልትሞላ ነው?» አለችው። ኤልያብ ፍራሹን በትከሻው ደግፎ አንድ ደረጃ ወረደ። እሷም ፊቱን አይታ ፍራሹን መግፋት ቀጠለች።

ጊዜው አለፈና ፕሌይስቴሽኑ እንደ ልብ ሆነ። ዌርሃውሱ ውስጥ በፓሌት በፓሌት ተከምሮ ይመጣል። ኤልያብ ነጩን ሳጥን አንሥቶ ስካን ያደርጋል፣ ያስቀምጣል፣ ሌላውን ያነሣል። አንድ ቀን ከምሳ በፊት ብቻ ዘጠና አራት አሳለፈ። ምሳ ሰዓት መኪናው ውስጥ ገብቶ ምግቡን ሳይከፍት ለገመቹ መጻፍ ጀመረ።

የመጀመሪያው ጽሑፍ ረጅም ነበር። ስለ ሃርቢን፣ ስለ ዌርሃውሱ፣ ሰው ሙያውን ሲረሳ ምን እንደሚሰማው የሚያትት ነበር። አንብቦ አፈረ፤ አጠፋው፤ የጻፈው ስለ ራሱ ነው። ሁለተኛው አጭር ነበር፤ ግን መጨረሻው ላይ አሁን ፕሌይስቴሽኑን ልላክልህ፣ ኪራዩንም እኔ ልሸፍን የሚል ነበረበት። ጣቱ መላኪያው ላይ ደርሶ ቆመ። ገመቹ ይህን ቢያነብ የሚመልሰውን ያውቀዋል። አንተ ታውቃለህ ይላል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ይላል፤ የተበደለው ሰው እንደገና አመስጋኝ ይሆናል፤ ሊቆጣ ቢፈልግ እንኳ ስጦታው አፉን ይይዘዋል። ያንንም አጠፋው።

ሦስተኛው ላይ የሆነውን ብቻ ጻፈ።

«ገመቹ፣ ያኔ ፕሌይስቴሽኑ ተገኝቶ ነበር። ዕቃዎቹን ከመክፈቴ በፊት ወረፋችሁ ደርሷል የሚል መልእክት በእኔ ስልክ መጣ። ከሌሊሳ ደበቅኩት። እስከ ዛሬ አያውቅም። ጨዋታው ኔትወርክ እንደሚፈልግም አንብቤ ነበር። ኮምፒውተሩን መሥራት የፈለግኩት እኔ ነኝ። ለሌሊሳም እነግረዋለሁ፤ አስቀድሞ ግን አንተ ማወቅ አለብህ ብዬ ነው። ኤልያብ።»

ላከው። ነቀምቴ ያን ጊዜ ማታ ነው። ከመልእክቱ ጎን አንድ ምልክት ወጣ፤ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ሁለት ሆነ፤ የምሳ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ሁለቱም ሰማያዊ ሆኑ፤ ገመቹ አንብቦታል። ከስሙ በታች እየጻፈ ነው የሚል ጽሑፍ ወጣ፤ ጠፋ፤ እንደገና ወጣ፤ ጠፋ። ኤልያብ ስልኩን ይዞ ጠበቀ። ደወሉ ሲደወል የሥራ ጓንቱን አድርጎ ገባ።

ማታ አየው፤ ምንም የለም። በማግሥቱ አየው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ መኪናው ውስጥ ሆኖ አየው። ለማንኛውም ነገር በደቂቃ ውስጥ ወንድሜ ብሎ የሚመልሰው ገመቹ ለዚያ መልእክት መልስ አልሰጠም።